ሳይመሽ የሚፈለግ ማደሪያ



ከደሴ የጻፉልን አንድ አባት ባለቤታቸውንና አራት ልጆቻቸውን በሚኒባስ ይዘው ባሕር ዳርንና የጣናን ዙሪያ ለማሳየት እንደሚያስቡ ገልጸው፣ «በየደረስንበት ለስድስት ሰው አልጋ መከራየት አቅማችን አይፈቅድም። ፍራሽና ምድጃ ጭነን መኪናችን ውስጥ እናድራለን ብለናል። ታዲያ ሲመሽ የት ነው የምንቆመው? መስጊድ ግቢ ማደር ይቻላል? ሐይቁ ዳር ብንሰፍርስ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ በመሆኑ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ ለቤተሰብ ጉዞ እንደ ቀድሞው የሚመች አልሆነም። መንገድ የተዘጋበት፣ መንገደኛም የታገተበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጠያቂያችን አገር እስኪረጋ ጉዞውን ቢያቆዩት እመክራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ በፊት፣ በጥር 2011 ዓ.ም. በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ ከቤተሰቤ ጋር ሄጄ ያየሁትን ነው። ማደሪያ አፈላለጉ ግን ለጅማም፣ ለባሌም፣ ለሐረርም መንገድ የሚሆን ይመስለኛል።

አልጋው፣ ማድቤቱ፣ መጸዳጃው ሳይቀር በውስጡ ተሟልቶ የተሠራ መኪና በውጭ አገር የተለመደ ነው። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ እስክትገባ ድረስ ከካይሮ ተነሥተው ኬፕ ታውን የሚወርዱ ፈረንጆች እንዲህ ባለው መኪና በመተማ በኩል ሲገቡ እናይ ነበር። የእኛዋ ግን ከወዳጄ የተዋስኳት አሮጌ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን ነቅለን የጣውላ ርብራብ ሠራንባት፤ በላዩ ፍራሽ፣ በሥሩ ጀሪካን፣ ድስትና የቡታጋዝ ምድጃ አስገባን። ባለቤቴ መጋረጃ ሰፋች። ልጆቹ «ቤታችን ጎማ አወጣ» እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ያበላሸሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከሱብሒ በኋላ እንነሣለን ብለን ከአዲስ አበባ የወጣነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ የሚወጣ ስለሆነ የጫነ መኪና የሚጣደፍበት አይደለም። በጃፓን እርዳታ በተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ላይ ልጆቹ ቁልቁል ሲያዩ፣ ዝንጀሮ ሲቆጥሩ ሌላ ጊዜ ሄደ። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ባለቤቴ «እዚሁ እንደር» አለች። እኔ «ትንሽ እንግፋ፣ ፍኖተ ሰላም እንገባለን» አልኩ። ከደምበጫ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። በባትሪ መብራት ቀይረን ስንጨርስ ጨልሟል፤ ሌላ መለዋወጫ ጎማ ስለሌለን መንዳቱን ፈራሁ። ከአስፋልቱ ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምን።

እዚያ መተኛት የሚባል ነገር የለም። የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ ሚኒባሷን ያናውጣታል። እኩለ ሌሊት ሲሆን መስኮቱ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ጠመንጃ አንግተው ቆመዋል፤ የቀበሌው ሚሊሻ ናቸው። መኪናውን ዞረው አዩ፤ ልጆቹን አዩ፤ ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

«ማንን ብላችሁ ነው እዚህ ያደራችሁት?»

መልስ አልነበረኝም። ጎማ እንደፈነዳብን ነገርኳቸው። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ጎማ አልነበረም። ሰው ወደ አንድ አገር ሲመጣ እከሌን ብሎ ይመጣል፤ ሲያድርም እከሌ ዘንድ ያድራል። እኛ ከእነ ልጆቻችን ማንንም ሳንል፣ ማንም ሳያውቀን ነው የቆምነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው እኔን ብላችሁ እደሩ» ብለው ከዛፉ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪነጋ ተቀመጡ። ለሱብሒ ስንነሣ አሁንም አሉ። ገንዘብ ብሰጣቸው «አይ!» ብለው ተቆጡ፤ ሻይ ግን ጠጡ፤ ስኳር ያበዛሉ።

ያቺ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ሁሉ ለወጠችልን። ማደሪያ ማለት መኪና የሚቆምበት ሜዳ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሜዳማ በጎጃምና በበጌምድር ሞልቷል።

በመንገድ ዳር ማደሩ በራሱም ስህተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት የሚሰፍር መንገደኛ ከመንገዱ ራቅ እንዲል ማስተማራቸውን፣ ምክንያቱም ሌሊት አውሬና ተንቀሳቃሽ ፍጥረት የሚመላለስበት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር። ሰምቶ መርሳት ማለት ይህ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በ17ኛው፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር ተነሥቶ ጣናን በስተ ምሥራቅ ይዞ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ እናርያ የሚዘልቀውን የሲራራ ንግድ በብዛት የያዙት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነባቸው፤ ሰፈራቸውም ኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። በከተማው እንደ ልብ መሬት የማይዝ ሰው ኑሮው መንገድ ላይ ይሆናል። ሲራራው ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወይም ጥቂት ዘንበል ስትል ጉዞውን ያቆማል። አጋሰሱና በቅሎው መጋጥ አለበት፤ ጭነቱ መራገፍ፣ ውሃ መቀዳት፣ እንጨት መለቀም፣ የአገሩ ሹም መጠየቅ አለበት። ይህ ሁሉ በብርሃን ይሠራል። በጣና ምሥራቅ ያሉት ይፋግና ደሪጣ የሲራራ ነጋዴ በሚገባ ያውቃቸው የነበሩ ናቸው፤ ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ዛሬ በመኪና አጠገባቸው ሽው ብለን እናልፋለን።

የአውቶቡሱም ዘመን ቢሆን እንደዚያው ነበር። ሌሊት መንዳት ስለማይፈቀድ የጎንደር አውቶቡስ በመንገድ ያድራል፤ ሹፌሩ «ነገ 11 ሰዓት እንዳታረፍዱ!» ይልና ሰው ወደየአልቤርጎው ይበተናል። ያኔ እናማርር ነበር። አሁን ሳስበው አውቶቡሱ የሚያድረው ሁልጊዜ በሚታወቅበት ከተማ፣ በሚታወቅበት ግቢ ነበር።

እኛም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣን። ዐስር ሰላት የሰገድንበት ቦታ ላይ መኪናው ፊቱን ወደ ማደሪያ ያዞራል። በጥር ወር በዚያ አገር ከዐስር እስከ መግሪብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አለ፤ ለመጠየቅ ይበቃል፤ እንቢ ቢሉን ሌላ ሰው ለመጠየቅም ይበቃል። መንገደኛ ሰላቱን ማሳጠሩ በጉዞ ላይ ጊዜውን ያቀልለታል፤ ስለማጣመሩ ኡለማዎቻችሁን ጠይቁ።

የት ነው የሚጠየቀው? የከባድ መኪና ሹፌሮች ምክር አጭር ናት። ዳንግላ ላይ ጎማ ስናስጠግን ያገኘሁት አንድ የኢሱዙ ሹፌር «መኪና ያደረበት ይታደራል» አለኝ። ከተማ ውስጥ ዘበኛ ያለው ነዳጅ ማደያ፣ ሌሎች መኪናዎች የተደረደሩበት ግቢ ይፈለጋል። ለዘበኛው የሚከፈለው ከመቆሙ በፊት በስምምነት ነው፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጠዋት። ለሹፌሮች ይህ በቂ ነው። ሴቶችና ሕፃናት ለያዘ ሰው ግን መጸዳጃው ያስቸግራል፤ ጠጪውም እስከ ሌሊት ይጮኻል።

ስለ መስጊድ ግቢ የተጠየቀውን በተመለከተ፣ ሲያሳድሩ አይተናል፤ አሳድረውናልም። ግን መብት አድርጎ መግባት አይገባም። ቁልፉ ያለው በኮሚቴው እጅ ነው፤ በከተማ ከዒሻ በኋላ በሩ ይዘጋል። ባለቤቴ እንደምትለው ደግሞ መስጊድ ግቢ ገብቶ ሽንኩርት ማቁላላትና ልብስ ማስጣት ነውር ነው፤ የሸናውን ልጅ ፍራሽ ጨምሮ። ከመስጊዱ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ቦታው አይደለም። መግሪብን በጀማዓ ሰግዶ ከኢማሙ ጋር መተዋወቁ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ ከኋላዬ ሰግዶ የነበረ ልብስ ሰፊ ክንዴን ይዞ «ልጆች ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቤት አለ አይደል?» ብሎ ወሰደን። መኪናዋ ከደጁ አደረች። ለቀዳነው ውሃ በመስጊዱ ሣጥን ጥቂት ማኖርም አይዘነጋ።

ከተማ ሳይደረስ ገጠር ላይ ቢመሽስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በአራተኛው ቀን ባሕር ዳርን ለቅቀን ወደ ጎንደር ስናቀና፣ ሐሙሲትን አልፈን ፎገራ ሜዳ ላይ ዐስር ደረሰ። ሩዙ ታጭዶ ገለባው በየማሳው ተከምሯል። ከመንገዱ ገባ ብላ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ቤት አየን። መኪናዋን ከሩቅ አቁሜ ባለቤቴንና ትንሹን ልጅ ይዤ በእግር ሄድኩ፤ ወንድ ብቻውን ከሚሄድ ሴትና ልጅ ይዞ ቢሄድ የሰው ልብ ያርፋል። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» አልን። ገበሬው ወጣ። «ወንድሜ፣ መንገደኞች ነን። መኝታችን መኪናው ውስጥ ነው፤ ዛሬን ከደጅህ ብናድር? ውሃና መጸዳጃ ነው የቸገረን» አልኩት። የምንፈልገውን ሁሉ በአንድ አፍ፣ ሳንደብቅ መናገሩ ይጠቅማል። ሰው የሚፈራው ቀስ በቀስ የሚበዛ ልመና ነው።

«የእግዜር እንግዳ ከመኪና አያድርም፣ ግቡ!» አለ። እኛ ልጆቹ እንዳይረብሿቸው ብለን አጥብቀን ስናስቸግረው አውድማውን በመጥረጊያ ጠርጎ መኪናዋን እዚያ አስቆማት። ወዲያውም ታላቅ ልጁን ጠርቶ «ሂድ፣ እንግዳ አለኝ ብለህ ለሊቀመንበሩ ንገር» ሲል ሰማሁት። እኛ ሳንጠይቀው «ማንን ብለው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አዘጋጀልን።

ማታ ላይ ሰውዬው አንድ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ መጣ። ከነሕይወቱ ነው። ቢላዋም ይዟል። «የእናንተን ሥርዓት እናውቃለን፤ ይኸው፣ እናንተው ባርኩት» አለኝ። ቀጥሎ ሚስቱ አዲስ ድስት አምጥታ ለባለቤቴ ሰጠቻትና «እቴ፣ ይህ ገና ከገበያ የመጣ ነው፤ ምንም አልነካውም» አለቻት። ክርስቲያን ናቸው። ዓመት ሙሉ ያላዩትን፣ ነገም የማያዩትን ሰው ሃይማኖት ለመጠበቅ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ፊት ምን ይባላል? ባርኬ አረድኩ። እኛ ከበላን በኋላ በቋንቋ ሳይሆን በሆድ የሚግባቡት ልጆቻችን ከልጆቹ ጋር ገለባው ላይ ሲንከባለሉ መሸ።

ጠዋት ምን እንስጥ? ገንዘብ ቢሰጥ ያስቀይማል። ባለቤቴ ከቤት ሳንወጣ ስኳር፣ ቡናና ደብተር በየፌስታሉ ቋጥራ ነበር፤ ጥበበኛ ናት። ደብተሩን ለልጆቹ፣ ቡናውን ለእመቤቲቱ ሰጠች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንግዳን የማስተናገድ ልኩ ሦስት ቀን መሆኑን አስተምረዋል፤ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቆየት እንደሌለበት አብረው አስተምረዋል። እኛ የምንጠቅሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በማለዳ ተነሣን።

አሁን ስለ ሐይቁ ዳር። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ውሃ ያየ ልጅ ጠርዙ ላይ ካልተኛሁ ማለቱ አይቀርም። የእኔዎቹም አልቅሰዋል። ዳሩ ግን ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆንም የወባ አገር ነው፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት። መስኮት ከፍቶ የሚተኛ አጎበር ይያዝ። በዳርቻው ውሃ ውስጥ ብልሃርዝያ ስላለ ልጆችን በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ማስገባት አይገባም። ጉማሬም አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ የለመደው መንገድ ላይ የቆመ ድንኳን አይታየውም። በክረምት ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ ጉማራና ርብ ሲሞሉ መኪና ያለበት ቦታ በማግስቱ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ የሸፈነው ስፍራም ለማረፍ አይመችም። እንግዲህ ውሃው የሚታይበት፣ ግን ከፍ ያለና ራቅ ያለ ቦታ ይመረጣል።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሐይቁ ዳር አትክልት ቦታ ያላቸው ሆቴሎች ነበሩ፤ በአነስተኛ ክፍያ ግቢያቸው ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር የሚፈቅዱ። እኛን አንዱ ማታ ፈቅዶ፣ በሌሊት ሌላ ኃላፊ መጥቶ የአልጋ ሒሳብ ጠየቀን። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ደረሰኝ ሳልቀበል ተኛሁ። ምግቡ ግን በከተማው አያስቸግርም። የሙስሊም ሥጋ ቤት ባይገኝ እንኳ የጣና ቀረሶና አምባዛ ማረድ አያሻውም።

ልጆቹን ታንኳ ሲሠራ ለማሳየት ወደ ወይጦዎች መንደር ወሰድኳቸው። ደንገሉን እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩት፣ ከጥንት ከሐይቁ ጋር የኖሩት እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበርና በዚያ ሰበብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ሲሸሻቸው ኖሯል። አደኑ ከቀረ ቆይቷል፤ መሸሹ ግን አልቀረም። አንዲት እናት ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልን ቀድመው ዓይናችንን ያዩ ነበር፤ እንጠጣ እንደሆነ ለማወቅ። ይህን ያስተዋለችው ታላቋ ልጄ ናት። እኔ ስኒው ላይ ነበርኩ።

ከጎንደር በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጎርጎራ ይደረሳል። እዚያ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት የከፈቱት የድንኳንና የመኪና ማረፊያ ነበር፤ እነዚያ የኬፕ ታውን ፈረንጆች የሚያርፉበት። ወደ ጎርጎራ በውሃም ይኬድ ነበር። የቀድሞዋ ጣናነሽ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌንና ደቅን አዳርሳ ቁንዝላ ታድርና በማግስቱ በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ጀልባ እንኳ ማደሪያዋን አስቀድማ ታውቃለች! ስሟን የወረሰችው አዲሲቱ ጣናነሽ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ደግሞ መርከብ ሆና የመንገድ ዳር እንግዳ ሆነች፤ በየደረሰችበት ሕዝብ ወጥቶ ተቀብሏታል።

የፎገራው ገበሬ ስልክ አሁንም እጄ ላይ አለ። በዒድ ይደውላል፤ በፋሲካ እደውላለሁ። ባለፈው ስንነጋገር «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «እናንተ አሁን አትምጡ። እኔ ኑ ስላችሁ ትመጣላችሁ» አለኝ። ለደሴው ጠያቂያችንም መልሱ ይኸው ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ኑ ሲል።

በቁንዝላ፣ በደልጊና በእስቴ በኩል ያላችሁ አንባብያን፣ መንገደኛ ሲመሽበት በአገራችሁ ማንን እንደሚጠይቅ ብትጽፉልን በሚቀጥሉት እትሞች ኢንሻአላህ እናወጣዋለን። አድራሻችሁን በግልጽ መጻፍ አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።